በትንሽ ገንዘብ የመጀመሪያውን ካሜራና ሌንስ መምረጥ፤ ለጎጃም ደጋ ጀማሪ ፎቶ አንሺ

ዲኤስኤልአር የሚባለው ካሜራ ሌንሱ የሚፈታና የሚቀየር፣ በሌንሱ የገባውን ብርሃን ውስጡ ባለ መስታወት ወደ ዓይን ማያው የሚልክ ካሜራ ነው። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ሻተር የሚባለው መጋረጃ ይከፈታል፣ ብርሃኑም ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ላይ ያርፋል። ካነንና ኒኮን ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ የዲኤስኤልአር ሞዴል አላወጡም፤ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙረዋል። ባለሙያዎችም የድሮውን እየሸጡ ወደ አዲሱ ስለሚሻገሩ ያገለገለ ዲኤስኤልአር በገበያው ላይ አይጠፋም። ኪሱ ለሳሳ ጀማሪ ይህ መልካም ዜና ነው። የዛሬ ዐሥር ዓመት ባለሙያ የሠርግ እንጀራውን የበላበት ካሜራ በደህና ከተያዘ ዛሬም ያንኑ ፎቶ ያነሳል።

መጀመሪያ ብርሃኑን ማወቅ

ካሜራ ከመመረጡ በፊት የሚነሳው ነገር መታወቅ አለበት። ጥሩው ዘዴ በሚቀጥለው ዓመት ሊነሱ የሚፈለጉ ዐሥር ፎቶዎችን ወረቀት ላይ መጻፍና ከየአንዳንዱ አጠገብ ውጭ ነው ወይስ ቤት ውስጥ፣ ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ፣ የቆመ ነው ወይስ የሚሮጥ ብሎ ምልክት ማድረግ ነው። የደብረ ማርቆስ ጀማሪ ዝርዝር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ይሆናል፦ የዩኒቨርሲቲ ምረቃ፣ ልደትና ክርስትና፣ ጉርድ ፎቶ፣ የጥርና የሚያዝያ ሠርግ፣ ጥምቀት፣ በመስከረም አደይ አበባ የለበሰ ማሳ፣ ጮቄ ተራራ፣ ከደጀን በኩል የሚታየው የአባይ በረሃ፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚወጡት የአገው ፈረሰኞች።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ደመናው ሲገፈፍ የሚወጣው ብርሃን ጥርትና ጥንክር ያለ ነው። በዚያ ብርሃን ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት የተሠራ ማንኛውም ዲኤስኤልአር፣ ርካሹም ጭምር፣ የሚያምር ፎቶ ይሰጣል። ለውጭ ፎቶ ብቻ የሚያስብ ሰው በካሜራ ምርጫ መጨነቅ የለበትም።

ችግሩ ያለው ደጃፉን አልፎ ሲገባ ነው። በአንድ አምፖል ብርሃን ቡና የምታፈላ እናት፣ ዳስ ውስጥ ጭፈራ የያዘ አጃቢ፣ ገና ሳይነጋ ቅኔ ማህሌት ውስጥ የሚያሸበሽቡ መርጌቶች፣ እነዚህን ለማንሳት ርካሹ ካሜራ ከነሌንሱ አቅም ያጥረዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ፍላሽ ማብራት ነውር ነው። ስለዚህ የጎጃም ደጋ ጀማሪ ገንዘቡን የሚያስብበት ነገር ጨለማው ነው፤ ጨለማን የሚያሸንፈው ደግሞ ከቦዲው (ሌንስ ከሌለው የካሜራው አካል) ይልቅ ሌንሱ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ገንዘቡን ማከፋፈል

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ባለበት አይቆምም። ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለከርሞ አይሠራምና በብር ከመናገር በድርሻ ማሰብ ይሻላል። በእጅ ያለው ገንዘብ በዐሥር ቢከፈል አምስቱ ለቦዲውና አብሮት ለሚመጣው 18–55 ኪት ሌንስ፣ ሦስቱ ዙም ለሌለው ብርሃን አስገቢ ሌንስ፣ ሁለቱ ለትርፍ ባትሪ፣ ለሚሞሪና ለመያዣ ቦርሳ ይሁን። ብዙ ጀማሪ ዘጠኙን ድርሻ ለአዲስ ቦዲ ያወጣና በኪት ሌንሱ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ዳስ ውስጥ የሚያነሳው ሁሉ ድብዝዝ ይልበታል፤ ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ካሜራውን የሚተወውም አለ። ይህ የሚያሳዝን ስሕተት ነው፤ በቀላሉ መከላከል ሲቻል የሚደርስ ስለሆነ የበለጠ ያሳዝናል።

ቦዲ

በካነንና በኒኮን መካከል ለጀማሪ ነፍስ የሚያስይዝ ልዩነት የለም። የሚሻለው በአካባቢው ያሉ ፎቶ አንሺዎችና ጓደኞች የያዙትን መያዝ ነው፤ ሌንስ፣ ቻርጀርና ባትሪ መዋዋስ የሚቻለው ያኔ ነውና። ከዚያም በላይ ስለ ሁለቱ ማወቅ የሚገባ የየራሳቸው ነገር አለ።

ከካነን 600ዲ (2011 እ.ኤ.አ.) እና 700ዲ (2013 እ.ኤ.አ.) ለትንሽ ገንዘብ የሚመከሩ ናቸው። ሁለቱም 18 ሜጋ ፒክስል፣ የሚገለበጥ ስክሪንና የማይክ ቀዳዳ አላቸው። 1300ዲ እና 2000ዲ ሞዴላቸው አዲስ ቢሆንም የማይክ ቀዳዳ የላቸውም፤ የሠርግ ቪዲዮ ለመቅረጽ ለሚያስብ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። 4000ዲ የሌንስ መግጠሚያው ከፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ ሌንስ ለሚቀያይር ሰው አይመከርም። ገንዘቡ ትንሽ ከፍ ካለ 70ዲ ወይም 200ዲ ቪዲዮ ላይ ፎከሱን ራሱ ተከትሎ የሚሄድ ስለሆነ ለቀረጻ ከ600ዲ እጅግ ይሻላል።

ከኒኮን ዲ3300 እና ዲ5300 ጥሩ ናቸው፤ 24 ሜጋ ፒክስል ያለው ሴንሰራቸው ጥላ ውስጥ የተደበቀን ዝርዝር በማውጣት በዚያው ዘመን ከወጡት የካነን ጀማሪ ካሜራዎች ይበልጣል። ዲ3300 የማይክ ቀዳዳ ሲኖረው ከሱ በኋላ የወጡት ዲ3400 እና ዲ3500 የላቸውም። አዲስ ሞዴል ሁልጊዜ የተሻለ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

ዘመድ ከአሜሪካ ካሜራ የሚልክለት ሰው በስሙ እንዳይሳሳት ይጠንቀቅ። ካነን በአሜሪካ የሚሸጠው «ሬብል» እያለ ነው። 600ዲ እዚያ ሬብል ቲ3አይ፣ 700ዲ ሬብል ቲ5አይ፣ 1300ዲ ሬብል ቲ6 ይባላል። ሬብል ቲ5 እና ሬብል ቲ5አይ በስም ቢመሳሰሉም የተለያዩ ካሜራዎች ናቸው፤ «አይ» የሌለችው ቲ5 1200ዲ ናት፣ ማይክ የማትቀበል፣ ስክሪኗም የማይገለበጥ። ከጃፓን የሚመጡት ደግሞ «ኪስ» የሚል ስም አላቸው፤ ኪስ ኤክስ7አይ ማለት ያው 700ዲ ነው። እነዚህ ሲገዙ የሜኑው ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ መቀየሩ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

ስለ ሜጋ ፒክስል ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። የ18 ሜጋ ፒክስል ፎቶ ጥራቱን ሳይለቅ 44 በ29 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይታተማል። በአልበምም ሆነ በግድግዳ ላይ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ሌንስ

የሌንስ ስም ሁለት ቁጥር ይይዛል። በሚሊ ሜትር የተነገረው ምን ያህል እንደሚያቀርብ ወይም እንደሚያሰፋ ይገልጻል፤ ከ«ኤፍ» ጋር የተነገረው ደግሞ ቀዳዳው እስከ ምን ድረስ እንደሚከፈት። የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፣ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። ኪት ሌንሱ 55 ሚሊ ሜትር ላይ ሲሆን የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው። ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ከዚህ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል።

ይህ በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። በአንድ አምፖል በሚበራ ቤት ውስጥ በኤፍ 5.6 ለማንሳት አይኤስኦው (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400፣ የሻተሩ ፍጥነት 1/30 ሰከንድ የሆነበት ጊዜ አለ። በ6400 ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በ1/30 ሰከንድ ደግሞ ቡናዋን ከጀበና የምትቀዳው እጅ ትጠፋለች። በዚያው ብርሃን ሌንሱ ኤፍ 1.8 ቢሆን አይኤስኦው ወደ 1600 ወርዶ ፍጥነቱ ከ1/60 ሰከንድ በላይ ይሆናል። ፊቷ ጥርት ይላል፣ ከሲኒው የሚወጣው እንፋሎት ይታያል፣ ከኋላ ያለው ግድግዳ በለስላሳው ይደበዝዛል።

ለካነን በዚህ ረገድ በዋጋው ተወዳዳሪ የሌለው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ነው። ሁለት ዓይነት ነው፤ የድሮው (ማርክ 2 የሚባለው) መግጠሚያው ፕላስቲክ፣ ድምፁም ጉልህ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስቲኤም መግጠሚያው ብረት ነው፣ ፎከሱም ጸጥ ያለ። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ኤስቲኤሙ ይመረጥ።

ነገር ግን በእነዚህ ካሜራዎች ላይ 50 ሚሊ ሜትር ጠበብ ያለ ነው። ሴንሰራቸው ከድሮው የፊልም መጠን ስለሚያንስ 50ው በካነን እንደ 80፣ በኒኮን እንደ 75 ሚሊ ሜትር ሆኖ ያያል። የቆመን ሰው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ ለማስገባት አራት ሜትር ያህል መራቅ ግድ ይላል። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ይህ ማለት ጀርባን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ስለዚህ ለፊት ፎቶ፣ ለሙሽራና ለጉርድ 50ው ሲመረጥ፣ ቤት ውስጥ ቤተሰብ ለሚያነሳ 35 ሚሊ ሜትር ይሻላል፤ በሱ ለቁመት ፎቶ ሦስት ሜትር የማይሞላ ርቀት ይበቃል። ኒኮን ለዚህ የሚሆን 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ዲኤክስ የሚባል ግሩም ሌንስ አለው። ለካነን ዮንግኑዎ የሚባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 በርካሽ ይገኛል፤ ፎከሱ እንደ ካነኑ አስተማማኝ ስላልሆነ ግን በቅድሚያ በደንብ መሞከር አለበት።

ኒኮን የሚገዛ ሰው አንድ ወጥመድ ማወቅ አለበት። የዲ3000ዎቹና የዲ5000ዎቹ ቦዲዎች የፎከስ ሞተር የላቸውም። በርካሽ የሚሸጠው የድሮው «ኤኤፍ-ዲ» 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እነሱ ላይ ሲገጠም ፎከስ የሚያደርገው በእጅ ብቻ ነው። «ኤኤፍ-ኤስ» ተብሎ የተጻፈበት መሆን አለበት። በሌላ በኩል አዲሶቹ «ኤኤፍ-ፒ» ሌንሶች እንደ ዲ3200 እና ዲ5100 ባሉ ቆየት ያሉ ቦዲዎች ላይ ፎከስ አያደርጉም። ሌንሱንና ቦዲውን ከተለያየ ሰው የሚገዛ ሁሉ ሁለቱን አጋጥሞ ሳይሞክር ገንዘብ አይክፈል። በካነን በኩል ደግሞ «ኢኤፍ» እና «ኢኤፍ-ኤስ» የሚሉት ከላይ በተጠቀሱት ቦዲዎች ሁሉ ላይ ይሠራሉ፤ «አርኤፍ» የሚለው መስታወት ለሌላቸው ካሜራዎች የተሠራ ነውና አይገጥምም።

ኪት ሌንሱ መናቅ የለበትም። በውጭ ብርሃን ለጮቄ ሸንተረር፣ ለማሳና ለቡድን ፎቶ ይበቃል። ሩቅ ለማቅረብ ለሚፈልግ 55–250 የካነን፣ 55–200 የኒኮን በርካሽ ይገኛሉ፤ ፈረሰኞቹ አቧራ እያስነሱ ሲጋልቡ ፍጥነቱን 1/1000 ሰከንድ አድርጎ ለማንሳት የጥር ፀሐይ በቂ ነው። ሠርግ እንደ ሥራ ለመያዝ የቆረጠ ሰው ውሎ አድሮ የሚያስፈልገው 17–50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 የሆነ የታምሮን ወይም የሲግማ ሌንስ ነው። ያ ግን የመጀመሪያው ግዢ አይደለም።

ያገለገለውን መመርመር

ለግዢ ሲኬድ የራስ ሚሞሪ፣ መብራት ያለው ስልክ፣ ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላና አንድ ጋዜጣ ይያዝ። ምርመራው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሻጩ ለግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ካጣ ካሜራውን ትቶ መሄድ ነው።

ከውጭ ይጀመራል። ጥግ ጥጉ ላይ ያለ ጉድጓድ መውደቁን ይናገራል፤ ጭንቅላቱ የተበላ ብሎን መፈታቱን ይናገራል። የተላጠ ጎማ ግን መልክ ብቻ ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል እንጂ ግዢ አያስቀርም። የባትሪና የሚሞሪ ክዳኖቹ ጥብቅ ብለው መዘጋት አለባቸው። እንደ ካነን 40ዲ እና 7ዲ ያሉት የሚቀበሉት ትልቁን ሲኤፍ ሚሞሪ ነው፤ የውስጥ መርፌዎቻቸው ስለሚጣመሙ በስልክ መብራት ይታዩ።

ቀጥሎ ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ነው። ብዙዎቹ ከላይ የተጠቀሱት ሞዴሎች ሻተራቸው ወደ 100,000 ፎቶ እንዲያነሳ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሄዱም፣ ሳይደርሱ የሚበላሹም አሉ። የኒኮን ቁጥር እዚያው በተነሳው ፎቶ ፋይል ውስጥ ስለሚመዘገብ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። የካነን ግን በፋይሉ ውስጥ አይገኝም፤ ካሜራውን በኬብል አገናኝቶ በፕሮግራም ማንበብ ያስፈልጋል። ሠርግ ላይ የዋለ ካሜራ በአንድ ቀን ብቻ ከሺህ በላይ ሊያነሳ ስለሚችል «ብዙ አልሠራሁበትም» የሚል ቃል ማስረጃ አይሆንም።

ሴንሰሩን ለማየት ጋቢው ፀሐይ ላይ ይዘርጋ። ቀዳዳው ወደ ኤፍ 22 ይጥበብ፣ ፎከሱ በእጅ ሆኖ ሆን ተብሎ ይደብዝዝ፣ ጋቢው ፍሬሙን ሞልቶ ይነሳ። ፎቶው በስክሪኑ ላይ ሲታይ እንደ ጉም የደበዘዙ ክብ ነጠብጣቦች ካሉ አቧራ ነው፤ ይጸዳል። ቀጭን መስመር ከታየ ጭረት ሊሆን ስለሚችል መተው ይሻላል። ከዚያ ሌንሱ ተከድኖ 30 ሰከንድ የሚፈጅ ፎቶ ይነሳ፤ በጥቁሩ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ ነጥቦች ቢታዩ ጥቂቱ አያሳስብም፣ ብዙው ግን የሴንሰር እርጅና ነው። በመጨረሻ ፍጥነቱ 1/4000 ሰከንድ ሆኖ ሰማዩ ይነሳ። በአንድ በኩል የጠቆረ ቢሆን ሻተሩ ደክሟል ማለት ነው፤ የሻተር ጥገና ደግሞ ለርካሽ ቦዲ አያዋጣም።

ሌንሱ በሁለቱም በኩል ክዳኑ ተነሥቶ፣ በስልክ መብራት ከኋላ እየበራ በፊት በኩል ይታይ። ጥቂት አቧራ ፎቶ አያበላሽም። እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ቅርንጫፍ የተዘረጋ ነገር ከታየ ግን ሻጋታ ነው፤ እርጥበት ውስጥ የከረመ ሌንስ ዓይነተኛ በሽታ ነውና አይገዛም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፈተና ደግሞ አለ። ኪት ሌንሶች ውስጥ ቀዳዳውን የሚያንቀሳቅስ ቀጭን ገመድ ይበጠሳል፤ ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲነሳ ደህና ይመስልና ኤፍ 8 ሲደረግ ካሜራው ስሕተት ብሎ ይቆማል። ስለዚህ 18 ላይም 55 ላይም በኤፍ 8 ይሞከር።

ፎከሱን ለመፈተን ጋዜጣው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከጎን በኩል በሰያፍ ይታይ። ቀዳዳው ሙሉ ተከፍቶ በአንድ መስመር ላይ ፎከስ ተደርጎ ይነሳና በስክሪኑ ላይ ይጉላ። ጥርት ያለው ፎከስ የተደረገበት መስመር ካልሆነና ሁለት ሦስት መስመር ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ያለው ከሆነ ሌንሱና ቦዲው አልተስማሙም። ጋዜጣ ቢጠፋ የነጠላ ጥለት ለዚህ ጥሩ ነው፤ ክር በክር ይታያልና።

የት ይገዛል

ደብረ ማርቆስ ላይ ወይም ባሕር ዳር ካሜራ ከሚቀይር ፎቶ አንሺ መግዛት ትልቅ ጥቅም አለው፦ ሰውየው ይታወቃል፣ ነገ ቢበላሽ ይጠየቃል። ምርጫው ሰፊ የሆነው ግን አዲስ አበባ ነው። በቴሌግራም ቻናሎችና በሽያጭ ገጾች ላይ የሚታየውን ካሜራ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሳለ በቴሌብር ከፍሎ በአውቶቡስ አስጭኖ መቀበል አይገባም። አዲስ አበባ ታማኝ ዘመድ ካለ ይህን የምርመራ ዝርዝር ይዞ እሱ ይሂድ። ግዢው በቀን፣ በሱቅ ውስጥ ይሁን፤ ደረሰኝ ላይ የካሜራው ተከታታይ ቁጥር ይጻፍ፣ ቁጥሩም ከካርቶኑ ጋር ይመሳከር። ጥቂት ቀን የመመለሻ ጊዜ የሚሰጥ ሻጭ ትንሽ ቢያስወድድም ይመረጥ።

ተጨማሪ ዕቃዎች

ትርፍ ባትሪ ቅንጦት አይደለም፤ መብራት በሚጠፋበት አገር የሠርግ ቀን ያለሱ አይወጣም። ሚሞሪ ሲገዛ አስመስሎ የተሠራ መኖሩ ይታሰብ፤ 64 ጊጋ ባይት ተጽፎበት 8 ብቻ የሚይዝ ያጋጥማል። ሚሞሪው እስኪሞላ በቪዲዮ ተሞልቶ፣ የገባው ሁሉ ተመልሶ መከፈቱ ይታይ። ከአንድ ትልቅ ሚሞሪ ሁለት መካከለኛ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ የሙሽራው ቀን ሙሉ አይጠፋም።

ፍላሽ በኋላ ሊገዛ ይችላል። በሚገዛበት ጊዜ እንደ ዮንግኑዎ 560 ያለ፣ ራሱ የሚዞርና በእጅ የሚስተካከል ርካሽ ፍላሽ ይበቃል። ብርሃኑ በቀጥታ ፊት ላይ ከመምታት ወደ ነጭ ኮርኒስ ቢላክ ለስልሶ ይመለሳል። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ ግን ቀለሙን ፊት ላይ ይለቃል። ዳስ ውስጥ ኮርኒስ ስለሌለ ጓደኛ ነጭ ጋቢ በሁለት እጁ ወጥሮ ቢቆምና ፍላሹ ወደ ጋቢው ቢዞር ከስቱዲዮ ብርሃን የማይተናነስ ይገኛል።

አያያዝ በደጋ

የካሜራ ጠላት በዚህ አገር በሁለት ወቅት ይመጣል። በበጋ አቧራ ነው። ሌንስ የሚቀየረው ነፋስ በሌለበት፣ ቢቻል ቤት ወይም መኪና ውስጥ፣ ቦዲው አፉን ወደ መሬት ደፍቶ ነው። በክረምት ደግሞ እርጥበት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በቆዳ ቦርሳ ወይም በሣጥን ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያወጣል። ጥብቅ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚገኙትን ትናንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አብሮ ማስቀመጥ ርካሽና አስተማማኝ መከላከያ ነው። በየሳምንቱ አውጥቶ ማነፋፈስና ጥቂት ማንሳት ያስፈልጋል፤ የሚሠራበት ሌንስ በቀላሉ አይሻግትም።

ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ ነው። ብርዱ ባትሪን ቶሎ ስለሚያደክም ትርፉ ባትሪ በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት ሙቀት አጠገብ ይያዝ። ከዚያ ብርድ ወጥቶ እሳት ወደሚነድበት ቤት ሲገባ ካሜራው ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ቶሎ ከወጣ እንፋሎቱ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይሠራል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

ካሜራው ቤት ከገባ በኋላ የቀዳዳውን ስፋት ሰው የሚመርጥበት፣ ፍጥነቱን ካሜራው የሚያሟላበት አሠራር (በካነን «ኤቪ»፣ በኒኮን «ኤ») ላይ ይዋል። ፎቶው በጄፔግና በሮው (ሴንሰሩ የያዘው ሳይለወጥ በሚቀመጥበት ፋይል) ሁለቱም ይቀመጥ። በቢጫ ወይም በሰማያዊ ሸራ በተሠራ ዳስ ውስጥ የሰው ፊት የሸራውን ቀለም ይይዛል፤ ከሮው ፋይል ላይ ይህን ማስተካከል ይቻላል።

አንድ ነገር በተለይ ለዚህ አገር ይሠራል። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚያስብ፣ ጥምቀት ላይ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ፍሬሙን ሲሞላው ፎቶውን ያጠቁረዋል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ ፊትም ይጨልማል። የካሜራው የብርሃን ማካካሻ ወደ +0.7 ወይም +1 ሲደረግ ነጩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ፊቱም ይበራል። በጣም ከተጨመረ ደግሞ የጥለቱ ክር ይጠፋልና እየታየ ይሁን። ቤት ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የሚያምረው ብርሃን ነፃ ነው፦ በሩ ተከፍቶ ተነሺው ከበሩ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ሲቀመጥ የሚገኘው።

በዚህ ሁኔታ ሦስት ወር ያህል ከተሠራ በኋላ የተነሱት ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ይከፈቱ። እያንዳንዱ ፋይል በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሳ ይዟል። የተወደዱት አብዛኞቹ 18 ላይ ከሆኑ የሚቀጥለው ግዢ ሰፋ የሚያደርግ ሌንስ ነው፤ 55 ላይ ከተከማቹ 55–250 ነው፤ በ50ው ወይም በ35ቱ ከተነሱ ምናልባት ሌላ ሌንስ አያስፈልግም። ከኪት ሌንሱና ዙም ከሌለው ሌንስ ቀጥሎ ሌላ ሌንስ መገዛት ያለበት ከዚህ ቆጠራ በኋላ ነው።